በቤታችን ደጅ ያላየናቸው፦ ከባሕር ዳር ሳንርቅ ለሦስት ቅዳሜዎች የት እንሂድ?

ሽምብጥ ነዋሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በባሕር ዳር ስኖር 19 ዓመት ሞልቶኛል። ባለፈው ወር ለስብሰባ ከሐዋሳ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ በሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ሳለ «ጣና ላይ ስንት ጊዜ ተሳፍረሃል?» ብሎ ጠየቀኝና ቆጠርኩ፤ አራት ጊዜ ብቻ ሆነ። አራቱም እንግዳ ለማስጎብኘት ተጣድፌ የሄድኩባቸው እንጂ ለራሴ ብዬ የወጣሁባቸው አልነበሩም።

ይህን የውይይት ክር እንድከፍት ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የ9 ዓመት ልጄ «በአካባቢያችሁ የሚገኝ የመጓጓዣ ዓይነት ሣሉ» ተብላ ታንኳ ስትሥል፣ ጎኑ ላይ ሞተር፣ ከላዩ ደግሞ ባለ ጥለት ጃንጥላ ጨመረችበት። ከየት እንዳየችው ስጠይቃት በአንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ ካለ ሥዕል መሆኑን ነገረችኝ። ከቤታችን እስከ ሐይቁ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ስለዚህ በዚህ በጥቅምት ሦስት ቅዳሜዎች ለልጄና ለእናቴ እንዲሆኑ ወስኛለሁ። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ከአዴት መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ሌላ ሕመም የለባቸውም። መኪና የለኝም፣ ማደርም አንችልም፣ ገንዘቡም የመንግሥት ሠራተኛ ገንዘብ ነው። የቦታ ስም ብቻ እንዳትዘረዝሩልኝ አደራ እላለሁ፤ ስሙንማ በየሆቴሉ ከተለጠፈው ወረቀት አነበዋለሁ። በስንት ሰዓት ደርሳችሁ ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንዳስቸገራችሁ ብትነግሩኝ ነው የምጠቀመው።

ጡረተኛ ጀልባ ነጂ፦

ልጄ፣ እኔ በዚህ ሐይቅ ላይ 31 ዓመት ጀልባ ነድቻለሁ፤ የምነግርህ ነገር አንድ ነው፤ ጣና የጠዋት ነው። ሐይቁ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም፤ እንዲህ ሰፊና ስስ የሆነ ውኃ ደግሞ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ውኃ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ አጭርና ጠንካራ ማዕበል ያነሣል፤ ማዕበሉ ጀልባ ባይገለብጥም ሰው ያርሳል፣ ሆድ ያናውጣል፣ ሽማግሌና ሕፃን ያስፈራል። የውጭ አገር እንግዶች ቁርሳቸውን በልተው 4 ሰዓት ላይ ይነሡና ሲመለሱ እየረጠቡ «ጣና አስቸጋሪ ነው» ይላሉ። ጣና ምን አደረገ?

እናትህን ይዘህ የምትወጣ ከሆነ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሣ፤ ከ6 ሰዓት በፊትም ተመለስ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ ሩቅ አትሂድ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ያለችው ደብረ ማርያም ትበቃለች። ጉዞው አጭር ነው፣ አቀበት የለበትም፣ ሴትም ወንድም ይገባል። በዚያ አፍ ላይ ጉማሬዎች አሉ፤ በማለዳ ጆሮአቸውንና አፍንጫቸውን ብቻ አውጥተው ታያቸዋለህ። ነጂው ወደ እነርሱ ልጠጋ ቢልህ እሺ አትበለው፤ ጉማሬ ግልገል ካለው ቀልድ አያውቅም።

ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ጨርሱ፤ መሄጃውን ብቻ ሳይሆን መጠበቂያውንና መመለሻውን ጭምር። የሥራ ጓደኞቼን ማማት አልወድም፤ ነገር ግን ደሴት ላይ አድርሶ «የመመለሻው ሌላ ነው» የሚል ነጂ በእኔም ዘመን ነበረ። የሕይወት ማዳኛ ሰደሪያው ደግሞ ለልጅቷ ልክ የሚሆን መኖሩን በዓይንህ ሳታይ እግርህን አታንሣ።

የሁለት ልጆች እናት፦

ጋሼ ጀልባ ነጂ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ምክንያቱም ወንዶች ይህን ለመንገር ሁልጊዜ ይረሳሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ቅሬታዬ ሥርዓቱን አስቀድሞ የሚነግር ሰው ባለመኖሩ ነው። እኔ ካገባሁ በኋላ ከባለቤቴ ቤተ ሰቦች ጋር ወደ ክብራን ስንሄድ፣ መግባት እንደማልችል የተነገረኝ ጀልባው ዳር ከደረሰ በኋላ ነበር፤ ከአማቴ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅናቸው። እንጦስ ግን እዚያው አጠገቧ ናት፤ ሴቶችም ይገባሉ፤ ብናውቅ ኖሮ እዚያ እንጠብቅ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ትውልድ ይዘህ የምትወጣ ከሆነ፣ ሁለቱ ውስጥ የማይገቡበትን ቦታ አትምረጥ። ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናት፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናት፤ እቴጌዪቱም ራሳቸው በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። ነገር ግን ናርጋ ያለችበት ደቅ ደሴት ድረስ በዝግታ ጀልባ ደርሶ በአንድ ቀን መመለስ ለእናትህ ይከብዳቸዋል፤ ለሌላ ጊዜ አቆየው።

ዘጌ አደግ፦

ዘጌ ካልተጠቀሰ ይህ ክር ሙሉ አይሆንም። ነገር ግን ዘጌን እንዴት እንደምታዩት ልለምናችሁ። አብዛኛው ሰው ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይሮጣል፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች በስልኩ ያነሣል፣ በመንገድ ዳር የተዘረጋውን የታንኳ ቅርጽ ይገዛል፣ ይመለሳል። ሥዕሎቹ ድንቅ መሆናቸውን አልክድም። ቢሆንም የመጣበት ጫካ ራሱ የታሪኩ ግማሽ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

በእኛ ዘንድ በአባቶች የሚነገረው እንዲህ ነው። አቡነ በትረ ማርያም ወደ ዘጌ በመጡ ጊዜ የያዙት በትር ለሦስት ተከፍሎ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም በእነዚህ እንዲኖር፣ ምድሪቱንም በበሬ እንዳያርስ ቃል ገባ። ይህን የሚያምንም የማያምንም ሰው በዓይኑ የሚያየው ውጤት አለ፤ በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ ዘጌ እስከ ዛሬ በጫካ ተሸፍና ቆይታለች። ቡናው የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ሲሄዱ ፀሐይ አይነካም፤ ጦጣዎች ከላይ ይከተላሉ። የጥቅምት መጨረሻ ላይ ብትመጡ የቡናው ፍሬ መቅላት የጀመረውን ታያላችሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ በየደጁ ተሰጥቶ ሲደርቅ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል።

ወደ ኡራ የሚወስደው መንገድ ድንጋያማና አቀበት አለበት። ለጤነኛ ሰው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ለእናትህ ግን እያረፉ አንድ ሰዓት ያዝላቸው፤ ዱላም ይያዙ። በመንገዱ ላይ ከሚገኙ ቤቶች በአንዱ ቡና ጠጡ። ሦስቱንም፤ አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ ባለቤቲቱን ያሳዝናታል።

ድልድይ ወዳጅ፦

እኔ በሙያዬ የውኃ መሐንዲስ ነኝ፤ ስለ ጢስ ዓባይ አንድ የተለመደ ቅሬታ ከመነሣቱ በፊት ልቅደመው። «ፏፏቴው ጠፍቷል» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በተሳሳተ ወር የሄዱ ናቸው። በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ በኋላ ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ በበር የሚመጠን ሆኗል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ ተመርቆ፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ውኃውን ወደ በለስ ሸለቆ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት በሚችል ጣቢያ ያሳልፈዋል። ስለዚህ በሚያዝያና በግንቦት የሚሄድ ሰው በሰፊ ጥቁር ገደል ላይ የተንጠለጠሉ ጥቂት ነጭ ክሮች ብቻ ቢያይ አይገርምም። በመስከረምና በጥቅምት ግን ሐይቁ በዓመቱ ከፍተኛ ልኩ ላይ ስለሚሆን፣ ጢሱ ከሩቅ ይታያል፣ ልብስም ያርሳል።

ቦታው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት መግቢያ አለው። አንደኛው በድልድዩ በኩል የሚወርደውና የሚወጣው ነው፤ ለጉልበታሞች እርሱን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ የሚሄደው ነው፤ ለእናትዎ የሚስማማቸው ይህ ነው።

ድልድዩን በተመለከተ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሰው ሁሉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል፤ ዓላታ ድልድይ ነው ስሙ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1626 የተሠራ ነው። በዘመኑ የነበረው ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ካህን ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደ ጻፈው፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ በዚያው በዓላታ ወንዝ አካባቢ ተገኘ፤ ሥራውን የመራው ባለሙያም ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴስ ጋር ከሕንድ የመጣ ነበር። ያዘዘው የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ድንጋዩ የዓላታ፣ ግንበኛው ከሕንድ የመጣ፤ ፖርቱጋል በስሙ ላይ ብቻዋን የተቀመጠችበትን ምክንያት እኔ አላየሁም። ከእርሱ በታች ርቆ ከሚገኘው ሰባራ ድልድይ ጋር የሚያምታቱትም አሉ፤ እርሱ ሌላ ነው።

አሮጌው ጢስ ዓባይ፦

መሐንዲሱ በቁጥር ያስረዱት ልክ ይሆናል፤ እኔ ግን ከፏፏቴው ሥር ተወልጄ፣ በበጋም ሆነ በክረምት ድምፁን እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ። አንድ ሌሊት ድምፁ ቀንሶ እናቴ ከእንቅልፏ እንደ ነቃች አስታውሳለሁ። «በጥቅምት ይሞላል» የሚባለው ነገር ለጎብኚ እንጂ ለእኛ መጽናኛ አይሆንም።

ድልድይ ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ ልክ ነዎት፤ የጻፍኩት ለሚሄድ ሰው ነበር፤ ስለሚኖር ሰው አላሰብኩም።

የታንኳ ሠሪ ልጅ፦

የልጅቷን የታንኳ ሥዕል ነገር አንብቤ ሳቅሁም አዘንሁም። አባቴ፣ አያቴም ታንኳ ሠሪ ነበሩ፤ እኔ በከተማ ተቀጥሬ ብሠራም ማሰሩን አልረሳሁም። ለልጅዎ እንዲህ ብለው ይንገሯት። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያም በእስር በእስር ተደርጎ ይጠፈራል፤ ፊቱ ወደ ላይ ይቀሰራል፤ ከላይ ደግሞ መቀመጫ የሚሆን ሌላ እስር ይደረብበታል። ሚስማር የለውም። የሚንሳፈፈው ደንገሉ በውስጡ አየር ስለ ያዘ ነው፤ ስለዚህም ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ከውኃ የወጣ ታንኳ በዳር ቆሞ የሚታየው ለጌጥ ሳይሆን ለመድረቅ ነው። ዕድሜው አጭር ስለሆነ ታንኳ ሠሪ ሥራ አይፈታም፤ ደንገል ካለ ነው ታዲያ። ዳሩ እየታረሰ፣ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የታየው እምቦጭም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ እየተስፋፋ፣ ጥሩ ደንገል ለማግኘት ዛሬ ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ ደንገሉም አብሮ የተጠበቀ መስሎን ነበር።

ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ታንኳዎች ዓሣና እንጨት ይዘው ወደ ከተማው ዳር ይመጣሉ። ልጅቷን በዚያ ሰዓት ያምጧት፤ መጀመሪያ በእጇ ትንካው። ትሥለው ዘንድ ከዚያ በኋላ እርሳስ ይስጧት።

የፎገራ ሰው፦

ባጭሩ ልጻፍ፤ ወረታ ድረስ መምጣት ከቻላችሁ ኅዳር ላይ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ሲታጨድ ተመልከቱ፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሩዝ ከውጭ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። በዚያው ወቅት ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ረጃጅም ግራጫ ወፎች በየማሳው በመንጋ ይወርዳሉ። ከወረታ ትንሽ አለፍ ብሎ አውራምባ የሚባል መንደር አለ፤ ወንዶች ሲፈትሉ፣ ሴቶች ሲያርሱ ማየት ለልጅ ጥሩ ትምህርት ነው። ለእናትዎ ጉልበት ደግሞ በደራ በኩል ዋንዛዬ ፍል ውኃ አለ፤ ያድናል ብዬ ቃል አልገባም፤ የሚሞቅ መሆኑን ግን አረጋግጣለሁ። ከመነሣታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት መንገዱ እንዴት እንደ ሆነ መናኸሪያ ጠይቁ።

ከአዳማ ናፋቂ፦

ከባሕር ዳር ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የሚናፍቀኝ ገዳሙም ፏፏቴውም አይደለም። የቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ፀሐይ ስትጠልቅ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ ሲሄድ ማየት፣ ከዚያም ወርዶ በዘንባባው መንገድ በእግር መመለስና ዓሣ ለብለብ መብላት ነው። አምባዛ ይሻላል ቀረሶ የሚለውን ክርክር ከጓደኞቼ ጋር ሳንጨርስ ተለያየን። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ እንዳታነሡብኝ፤ ክሩ ይበላሻል።) በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው፤ 380 ሜትር ይረዝማል ይባላል፤ ማታ በእግር የተሻገረው ሰው ካለ ነፋሱ እንዴት እንደ ሆነ ይንገረኝ።

ሽምብጥ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደረስንበትን ልንገራችሁ፤ ሦስቱም ቅዳሜዎች አልፈዋል።

የመጀመሪያው እንደ ጋሼ ጀልባ ነጂ ምክር ደብረ ማርያም ሆነ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስንነሣ ውኃው በእውነት ተኝቶ ነበር። እናቴ በሕይወታቸው ጀልባ ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ስለ ነበረ፣ እስክንደርስ ድረስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይጸልዩ ነበር። ጉማሬዎቹን ልጄ ሦስት ናቸው ብላ ቆጠረች፤ ነጂው አምስት አለ፤ እኔ ያየሁት ሁለት ነው። ደብረ ማርያም ከደረስን በኋላ እናቴ ከአንዲት መነኩሲት ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለ አዴት ሰው ሁሉ ተጠያይቀው የጋራ ዘመድ አገኙ፤ ለመመለስ እኛ ነበርን የለመንናቸው። ስንመለስ በዳሩ ላይ ታንኳ ቆሞ ሲደርቅ ልጄ አየችና «አባ፣ ሞተሩስ?» አለችኝ። የታንኳ ሠሪው ልጅ የጻፉትን አነበብኩላት፤ እስሮቹን በጣቷ ቆጠረች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዘጌ ሄድን። ወደ ኡራ ለመውጣት አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን፤ ግማሹ ዕረፍት ነበር። እናቴ በሥዕሎቹ ፊት ቆመው፣ አስጎብኚው ከመናገሩ በፊት ቅዱሳኑን በስማቸው እየጠሩ ለልጄ ታሪካቸውን ነገሯት፤ አስጎብኚውም በኋላ ዝም ብሎ ያዳምጥ ጀመር። ሁለት ዓመት አብረውኝ ሲኖሩ ይህን ሁሉ እንደሚያውቁ አላውቅም ነበር። ቡናውን ሦስቱንም ጠጣን፤ ዘጌ አደግ ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። አንዱ ስሕተታችን በመመለሻው ነበር፤ ቡናው አዘግይቶን ከ8 ሰዓት በኋላ ስለ ተነሣን፣ ማዕበሉ ሁላችንንም አርሶ አስገባን።

ለሦስተኛው ቅዳሜ ጢስ ዓባይን አስቤ፣ በጀልባ የሚሻገረውንም መንገድ ጠይቄ ነበር። እናቴ ግን «ያችን ደብረ ማርያም ድገሙኝ» አሉ፤ ከመነኩሲቷ ጋር ያልተጨረሰ ወሬ ነበራቸው። ደገምናት። ፏፏቴው ለሚቀጥለው ጥቅምት ቆየ። በዚያው ዕለት ማታ ከልጄ ጋር አዲሱን ድልድይ በእግር ተሻገርን፤ ለአዳማው ወንድማችን መልሱ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ኮፍያ ይወስዳል፤ የእኔን ወስዶታል።

ልጄ ታንኳውን እንደገና ሥላዋለች። ጃንጥላው ጠፍቷል፤ ሞተሩም ጠፍቷል። በላዩ ላይ ግን አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት አስቀምጣለች።

አሁን የሚቀረኝ ጥያቄ ናርጋ ሥላሴ ነው። ጋሼ ጀልባ ነጂ፣ በታኅሣሥ እናቴን ይዤ በአንድ ቀን ደርሼ መመለስ የምችል ይመስልዎታል?

ጡረተኛ ጀልባ ነጂ፦

ይቻላል ልጄ፤ በፈጣን ጀልባና በጨለማ ከተነሣህ። ታኅሣሥ ላይ ግን የጠዋቱ ብርድ በውኃ ላይ አጥንት ይሰብራል፤ ለእናትህ ጋቢ ደርብላቸው፣ ጉልበታቸውንም በብርድ ልብስ ጠቅልል። ነጂው ደቅን በደንብ የሚያውቅ ይሁን። ከደሴቷ እስከ 5 ሰዓት ካልተነሣችሁ እዚያው ማደር ይሻላል፤ ቡና ጠጥተን እንመጣለን እንዳትሉኝ።